የሙሄ ቅንድብ

ቧንቧ ውሃ ነው ሱቄ፤ ደሴ፣ ከፋርማሲው በላይ።
ባነር አትማለሁ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የሙት ዓመት ፎቶ፣ የመጣውን ጉዳይ።
ጦሳ ጉሙን ሲለቅ፣ ከተማው ሲጋረድ፣
እኩለ ቀን ድረስ በአምፖል ነው የምሠራ፣ ጉሙ ተገፎ እስኪሄድ።

ባለፈው ሰሞን ነው፤
ሐይቅ ከተማ ጸጉር ቤት የከፈተ አንድ ልጅ መጣ።
«እንደ ድሮው አርገው፣ የአሊጋዝን ዓይነት፣
ዓይኑን አፍጥጦ ከግድግዳው የሚወጣ።»
አሊጋዝን የማያውቅ ማን አለ?
ከኮምቦልቻ ወልድያ፣ ጸጉሩን የተላጨ ሁሉ
በሱ ሥዕል ሥር ነው አንገቱን ያዘነበለ።
የሥጋ ቤቱ በሬ፣ ቢላው አጠገቡ፣
በሱ ብሩሽ ሳቀ እንጂ መቼ አለቀሰና!
እኔስ ምን ቸገረኝ፤
ስልኬ ውስጥ አርባ ፎቶ ነበረና፣
በያለፍኩበት ያነሳሁት፣
ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሚሉት ማሽን አበላሁት።
«እንደ አሊጋዝ» ብዬ ጻፍኩ፤
ሻዬ ሳይቀዘቅዝ አራት ፊት ሰጠኝና አንዱን መረጥኩ።
ስምንት መቶ ብር። ልጁ ጠቅልሎ ወሰደ።
ጥፍሬን ቀለም ሳይነካው ቀኑ ነጎደ።

ሐሙስ ለት አሊጋዝ መጣ፤ ደረጃውን ቆም፣ ቆም ብሎ ወጥቶ፤
አኳራጅ ይሸታል፣ የአርባ ዓመት ቀለም እጅጌው ላይ ተኝቶ።
መልሴ ምላሴ ጫፍ ተዘጋጅቶ ነበር፦
አንተስ ከጌታህ ላይ ቀድተህ አልነበር?
ማነው ከማንም ሳያይ የሳለ?
ሳልተነፍስ ሰማኝ። «እውነት ነው» አለ።

«ከጋሽ ጓንጉል ቀዳሁ። ሁለት ክረምት ሙሉ ጣሳውን ታቅፌ፣
ብሩሹን አጥቤ፣ ከመሰላሉ ሥር ስንት ጥፊ አሳልፌ።
ኋላ መዳፌን ገልብጦ አየና እንትፍ፣ እንትፍ አለበት፤
‹ሂድ፣ እጅህ ይባረክ፤ ብላበት።›
ያንተን ማሽን ማን መረቀው?
የማንን ጣሳ ተሸከመ? ማንስ ‹ሂድ› ብሎ ለቀቀው?
ባነር ሲመጣ ሥራዬን ወሰደው፤ ጊዜ ነው ብዬ ተቀመጥኩ።
እጄን ከነአንጓው ሲወስደው ግን
ትናንት እንቅልፍ አጥቼ አደርኩ።»

ስልኩን አወጣ፣ መስተዋቱ የተሰነጠቀውን፤
አሳየኝ፣ ሐይቅ ላይ የተሰቀለውን።
«ማነው ይሄ?»
«ማንም አይደል፤ ማሽኑ ነው የፈጠረው።»
«ሙሄ ነው» አለ። ድምፁን አልጨመረም፤
እንደ ሰላምታ ነው የተናገረው።

«ወንድሜ ነው፣ በአሰብ በኩል ባሕር የተሻገረ፤
ደብዳቤው ሁለቴ መጥቶ የቀረ።
ከዚያ ወዲህ ጸጉር ቤት በተከፈተ ቁጥር
የምስለው እሱን ነው፤
ምናልባት ከመጣ፣ ካውቶቡስ ሲወርድ
‹አልረሳንህም› የሚለው ግድግዳ እንዳያጣ ብዬ ነው።
ግን ጠባሳው የታለ?
ግራ ቅንድቡ ላይ፣ ማሽላ ስንጠብቅ
ወንጭፌ ስቶ ነው የመታሁት፤
ፊቱን በሳልኩ ቁጥር መጀመሪያ እሱን ነው የማስገባ፣
እሱን ነው ይቅርታ የምጠይቅበት።
ማሽንህ ጠባሳ አይወድም፤ ጠርጎ አስተካከለው።
የኔን ጥፋት ውሰድ ማን አለው?»

ሐይቅ አብረን ወረድን። መሰላል ያዝኩለት።
ቡናማ በጥብጦ ቅንድቡን ሰነጠቀለት።
ፕላስቲኩ የዘይት ቀለም አልቀበል አለ፤
መስመሩ ወደ ጉንጩ ተንሸራተተ።
ባለ ጸጉር ቤቱ «አበላሻችሁብኝ!» ብሎ ምላጩን እንደያዘ ወጣ፤
አንዱ ደንበኛ፣ ግማሽ ጺሙ ተላጭቶ፣ ከበሩ ላይ ቆሞ ተመለከተ።

ስምንት መቶውን አውጥቼ ሰጠሁት፤ ቆጠረ።
ሁለት መቶ መለሰልኝ፦ «ይሄ የፕላስቲኩ፤ ያንተ የነበረ።»
ከዚያ፣ ብሩሹን በጋዜጣ እየጠረገ፣ «አርባው ፎቶስ?» አለኝ፣
«ከማሽኑ ሆድ ማን ያወጣልኝ?»
ከሐይቁ በኩል ነፋስ መጣ። ዝም አልኩኝ።

ዛሬ ከከሚሴ ተደወለ፤ «ልክ እንደዚያኛው» አሉኝ።
ወደ እሱ ልመራቸው ፈልጌ ስልኬን ከፈትኩ።
አርባ ፎቶ አለኝ።
ስልክ ቁጥሩ የለኝም።